ሱፐርቫይዘርና መምህር

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሱፐርቫይዘርና ስለ መምህር ነው። ሱፐርቫይዘር ማለት መምህሩን በሥራው የሚረዳ ባለሙያ ነው። ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን እየዞረ ያያል።

«ይህ እኛን ምን ያገባናል?» ትሉ ይሆናል። የልጆቻችሁ ጉዳይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአማራና በሌሎች ክልሎች የ2ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተፈትነው ነበር። በጠቅላላው ከሦስት ልጆች አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም።

ይህ ሥራ በአገራችን የተጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ስሙ ኢንስፔክሽን፣ ማለት ቁጥጥር ነበር። በ1955 ሱፐርቪዥን ተባለ። በ1973 እንደገና ኢንስፔክሽን ሆነ። በ1986 ተመልሶ ሱፐርቪዥን ተባለ። ስም መለወጥ ቀላል ነው። ብዙ መምህር ግን ዛሬም ሰውየው ብቅ ሲል «ሊቆጣጠረኝ መጣ» ይላል። ያየውን ለወረዳ ቢያቀብል ነጥብ ሊቀነስበት ይችላላ!

የሚፈራ መምህር ደግሞ ይደብቃል። ትናንት ያስተማረውን ዛሬ ደግሞ ያስተምራል። መምህራን የሚያወሩት ቀልድ አለ። እንግዳ ሲመጣ የሚያውቅ ልጅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያውጣ ይባላል አሉ። እንግዳው የእጁን ብዛት አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል።

እናንተ ፊደል የቆጠራችሁት በቅርቡ ስለሆነ ይህን ታውቁታላችሁ። «ሀ ሁ ሂ» እያሉ በዜማ መውረድ አያስቸግርም። «ሂ» ብቻዋን ስትጠየቅ ነው ጣጣው። መምህሩ «ልጆቼ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልለዩም፤ ምን ላድርግ?» የሚለው ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው።

እምነቱስ እንዴት ይመጣል? የእኛን አገር ገበሬ ጠይቁት። ማሽላው ሲታረም ያልታየ፣ እሸት ሲደርስ ብቻ ብቅ የሚል ሰው ቢመክር ማን ይሰማዋል? ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማሳ ሲጠለፍ አካፋ ይዞ የቆመ ሰው ግን ይደመጣል። ሱፐርቫይዘርም የሚመጣበትን ቀን ቀድሞ ይንገር። ከኋላ ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ። መምህሩን በተማሪ ፊት አይውቀስ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ለብቻቸው ይነጋገሩ፤ አስቀድሞም መምህሩ ይናገር። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን ጠመኔውን ተቀብሎ ራሱ ቢያስተምር ነው። ፊደሎቹን በካርቶን ቁራጭ ጽፎ፣ ቀላቅሎ፣ አንድ በአንድ ያስለይ። መምህሩ ይይ። ባይሳካ አብረው መላ ይፈልጋሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ተመልሶ «ያቺ ‹ሂ› እንዴት ሆነች?» ይበል።

ብዙ ትምህርት ቤት በእግሩ ለሚያዳርስ ሰው ይህ ከባድ ነው። ስድስት መምህር በችኮላ ከማየት ሁለቱን ደጋግሞ ማየት ይሻላል። እናንተም በወላጅ ስብሰባ ሱፐርቫይዘሩን ስታገኙት «የትኛው መምህር ነው ሰነፉ?» አትበሉት። ከመለሰላችሁ መምህሩ ሁለተኛ ምሥጢሩን አይነግረውም።