ቮልስዋገን፤ ሳትናገር የማትቆመው መኪና

ሰው ወዳጁንም ሆነ ዕቃውን «ታማኝ ነው» ብሎ የሚመሰክርለት አንድ ቀን አይቶ ሳይሆን ዘመን ቆጥሮ ነው። ወዳጅ በችግር ቀን፣ በቅሎ በዳገት፣ መኪና ደግሞ ከከተማ ርቆ ጋራዥ በሌለበት መንገድ ላይ ይፈተናል። ይህን ፈተና አልፈው ስማቸው በሰው አፍ ከቀረላቸው መኪናዎች መካከል፣ የአገራችን ሰው «ቮልስ» እያለ በቁልምጫ የሚጠራት የጀርመኗ ቮልስዋገን አንዷ ናት። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህችን መኪና ታሪክና ስሟ በባለመኪናዎች ዘንድ እንዴት ሊከበር እንደ ቻለ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሰው ዘመን፣ ሌላ ነው ካላልን በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሡን በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። እኒህ ሰው እሑድ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የቮልሳቸውን የኋላ ኮፈን ከፍተው ዘይቱን ሲለኩና ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን እያሉ ሲፈትሹ እናያቸዋለን። አንድ ቀን ጠጋ ብለን፤

«ጋሼ፣ ይህች መኪና ይህን ያህል ዘመን ስታገለግልዎት አስቸግራዎት አታውቅም?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው፤

«ልጄ፣ የማያስቸግር መኪና የለም። ቮልስ ግን ሳትነግርህ አታስቸግርህም» አሉን።

ነገሩ በመጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። በኋላ የመኪናይቱን ታሪክና አሠራር ስንመረምር ግን የሽማግሌው ቃል ብዙ ቁም ነገር የያዘ ሆኖ አገኘነው።

ያልተጠበቀው ቃል

ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ስሙ መልካም ቢሆንም የተወለደችበት ዘመን ክፉ ነበር። በሂትለር ዘመነ መንግሥት፣ በ1934፣ ፌርዲናንድ ፖርሼ የተባለው መሐንዲስ ተራው ሠራተኛ ሊገዛት የሚችል ትንሽ መኪና እንዲነድፍ ውል ተዋዋለ። ዋጋዋም 990 ማርክ እንዲሆን ተወሰነ። በግንቦት 1938፣ ዛሬ ቮልፍስቡርግ በምትባለው ከተማ፣ ለፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ለሕዝቡ የቁጠባ ደብተር ወጣለት። በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ በደብተሩ ላይ ቴምብር የሚለጥፍ ሁሉ ክፍያውን ሲጨርስ መኪናውን ይረከባል ተባለ። ሒሳቡን ብንሠራው 990 ማርክ ለማጠራቀም አራት ዓመት ያህል ይፈጃል። ይህን ቃል አምነው 336,000 ያህል ሰዎች ከደመወዛቸው እየቀነሱ ቴምብር ለጠፉ። ነገር ግን ጦርነቱ በ1939 ተነሣ፤ ፋብሪካውም ለጦር ሠራዊት መሥራት ጀመረ። ከልዩ ልዩ አገር በግዳጅ የመጡ ሰዎችና የማጎሪያ ጣቢያ እስረኞች ጭምር ይሠሩበት ነበር። ኩባንያው ለእነዚህ ሰዎች የዕርዳታ ገንዘብ ያቋቋመው ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1998 ነው።

ከቆጣቢዎቹም አንድ ስንኳ በዚያ ደብተር መኪና የተረከበ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ብዙ ዓመት ከተጓተተ በኋላ በ1961 በስምምነት አለቀ። ይኸውም ቆጣቢው አዲስ ቮልስዋገን ቢገዛ እስከ 600 ማርክ ሊቀነስለት፣ መግዛት ካልፈለገ ግን እስከ 100 ማርክ በእጁ ሊቀበል ነው። እንግዲህ ኋላ በታማኝነቷ የተመሰገነችው መኪና ታሪኳ የሚጀምረው ባልተጠበቀ ቃል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ፋብሪካው እንደ ገና ሲነሣ

በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር ሥር ባለው ግዛት ውስጥ ቀረ። ሕንፃው በቦምብ ተመትቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ፋብሪካውን እንዲጠብቅ የተላከው አይቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ ከፍርስራሹ መካከል ደኅና የቀሩትን መሣሪያዎች አይቶ መኪናይቱን እንደ ገና ለማሠራት አሰበ። የእንግሊዝ ጦርም መጓጓዣ ቸግሮት ስለ ነበር 20,000 መኪናዎች እንዲሠሩለት አዘዘ። የእንግሊዝ አገር የመኪና ፋብሪካ ባለሙያዎች ግን መርምረዋት «ይህች ለገበያ የምትሆን አይደለችም» በሚል አሳብ ተዉአት።

በጥር 1948 ሃይንሪክ ኖርድሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ይህ ሰው ሁለት ነገር አጥብቆ ያዘ። አንደኛው፣ የመኪናይቱን መልክ ለፋሽን ሲል ላለመለወጥና ድካሙን ሁሉ ውስጧን በማሻሻል ላይ ለማዋል ነው። ሁለተኛው፣ መኪናይቱ በምትሸጥበት አገር ሁሉ መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ አብሮ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ከሄደ በኋላ የሻጩ ኃላፊነት የሚያልቅ ሳይሆን የሚጀምር መሆኑን ተረድቶት ነበርና።

ውጤቱም ብዙ አልዘገየም። በነሐሴ 1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ መኪና ከፋብሪካው ወጣች። በአሜሪካ አገር በ1949 የተሸጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በ1968 ግን በዚያች አገር በአንድ ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሸጡ። በየካቲት 17 ቀን 1972 የተሠሩት ቁጥር 15,007,034 ሲደርስ የፎርድ ሞዴል ቲ ለብዙ ዘመን ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ቮልስ ወሰደችው።

አሠራሯና «ንግግሯ»

አሁን ወደ ሽማግሌው ቃል እንመለስ። መኪና እንዴት ይናገራል?

የቮልስ ሞተር በስተኋላ የተቀመጠ ሲሆን የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል፤ ከበላያቸው ያለው ማራገቢያ ነፋስ ይነዛባቸዋል። ራዲያተር የላትም፤ የሚፈላና የሚያፈስ ውሃም የላትም። ስለዚህ በቆላ ውሃ ፍለጋ አያስወርድም፤ በብርድ አገርም ውሃ በረዶ ሆኖ ሞተሩን አይሰነጥቀውም። የሌለ ነገር አይበላሽምና ከታማኝነቷ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ማራገቢያና ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ አንድ ላይ የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው የተበጠሰ እንደ ሆነ ዲናሞው ወዲያው ሥራ ያቆማል፤ በሹፌሩም ፊት ቀይ መብራት ይበራል። አዋቂ ሹፌር ይህን መብራት ሲያይ ባትሪው ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ነፋስ እንዳጣ ይረዳል። ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ያጠፋል፤ ትርፍ ቺንጋ አውጥቶ ይለውጥና መንገዱን ይቀጥላል። «እስከሚቀጥለው ከተማ ታድርሰኝ» ብሎ መብራቱን ንቆ የሚነዳ ግን ሞተሩን ያቃጥላል።

በቀድሞዎቹ ቮልሶች ደግሞ የቤንዚን መለኪያ አልነበረም። ቤንዚኑ ሲያልቅ ሞተሩ እንደ ማሳል ይላል፤ በዚያን ጊዜ ሹፌሩ ከእግሩ አጠገብ ያለችውን እጀታ ሲያዞር 5 ሊትር ያህል መጠባበቂያ ቤንዚን ይለቀቅለታል። ሥርዓቱ ቀላል ቢሆንም መኪናይቱ ሰውን ድንገት ሜዳ ላይ እንዳትጥል የታሰበ ነው።

ጥገናዋም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ስለ ሆነ፣ ልምድ ያለው መካኒክ መኪናይቱን በክሪክ አንሥቶ ሞተሩን በስተታች ያወርደዋል። የሚፈልገው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ዘይቱ ጥቂት ስለ ሆነና ከወንፊት በቀር ሌላ ማጣሪያ ስለሌለው ግን በጊዜው መለወጥ አለበት። የቫልቮላዎቹም ክፍተት እንዲሁ በየጊዜው ሊስተካከል ይገባዋል። እንግዲህ ሽማግሌው በየእሑዱ ኮፈን የሚከፍቱት በከንቱ አይደለም። መኪናይቱ ትናገራለች፤ እርሳቸውም ያዳምጣሉ። የታማኝነቷ ግማሽ የፋብሪካው ሥራ ሲሆን ግማሹ የባለቤቱ ትጋት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጉድለት አልነበረባትም ለማለት ግን አንደፍርም። ከጎን የሚመጣ ኀይለኛ ነፋስ ያንገዳግዳታል፤ የቀድሞዎቹ መብራታቸው ደካማ ነበር፤ የሙቀት መስጫዋም ለፈረንጅ አገር ክረምት አይበቃም ነበር። ከዚህም በቀር የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ተቀምጦ ስለ ነበር ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ እየሞቀ ቫልቮላው ይቃጠል ነበር። ይህ ጉድለት የታረመው በ1971ዱ ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣው ቦታውን ሲለቅ ነው።

ጉድለትን መናገርና ጉድለትን መሸሸግ

አሜሪካኖች ከተገዛ ጀምሮ ብልሽት የማይለየውን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። በ1960 የወጣ አንድ የቮልስዋገን ማስታወቂያ ከመኪናይቱ ሥዕል በታች ይህንኑ የስድብ ቃል በትልቁ አትሞ ነበር። ነገሩ ምንድን ነው? በሥዕሉ የምትታየው መኪና የዕቃ ማስቀመጫዋ ጌጥ ትንሽ ስለ ተጫረ መርማሪው «አትሸጥም» ብሎ የመለሳት ነበረች። ሌሎች ኩባንያዎች ስለ ውበትና ስለ ፍጥነት በሚያወሩበት ጊዜ፣ ይህ ፋብሪካ የራሱን እንከን አስቀድሞ ተናግሮ የገዢውን እምነት አተረፈ።

እንግዲህ በ2015 የሆነው ነገር ብዙ ሰው ያስደነገጠው ይህ ስም ስለ ነበረ ነው። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ወር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የዚሁ ኩባንያ የናፍጣ መኪናዎች ማታለያ ፕሮግራም እንደ ተጫነባቸው ገለጸ። መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ይቀንሳል፤ ወደ ጎዳና ሲወጣ ግን ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ መርዛም ጭስ ይለቃል። በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ይህ ፕሮግራም ነበረባቸው። ኩባንያው ጥፋቱን አመነ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ሥራውን ለቀቀ። የሚያስገርመው፣ እነዚህ መኪናዎች በመንገድ ላይ የማይቆሙ፣ ሞተራቸውም ብርቱ መሆኑ ነው። የጠፋው ጥንካሬ ሳይሆን እውነት ነበር። አሮጌይቱ ቮልስ ቀይ መብራት አብርታ ችግሯን ስትናገር፣ የልጅ ልጆቿ ችግራቸውን እንዲሸሽጉ ተደርገው ተሠሩ።

ቮልስ በአገራችን

በአገራችን ቮልስ የአስተማሪውም፣ የነጋዴውም፣ የሚሲዮኑም መኪና ሆና ኖራለች። በታሪካችንም ውስጥ ስፍራ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. (እንደ እኛ አቆጣጠር) ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ በብዙ ታላላቅ መኪናዎች ሲታጀቡ የኖሩት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር።

የመጨረሻይቱ ቮልስ በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተዋል። እነሆ፣ ፋብሪካው መሥራቱን ከተወ በኋላ እንኳ በአዲስ አበባ ጎዳና ዛሬም ሲሄዱ እናያቸዋለን። አሁን ደግሞ የዚሁ ኩባንያ ስም ያለባቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች በከተማችን መታየት ጀምረዋል። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም የብዙ ዓመት ቁጠባውን ይዞ «የትኛውን ልግዛ?» እያለ ባልደረቦቹን ሲጠይቅ እንሰማለን።

ለዚህ ወጣት የምንለው አጭር ነው። በስም ብቻ አትግዛ፤ ያ 336,000 ሕዝብም በስም አምኖ ነበር። መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ሻጩ ከሸጠ በኋላ በሩን ይከፍትልህ እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ከገዛህም በኋላ ኮፈን መክፈት አትናቅ፤ የሚናገርህንም አድምጥ።

ከዚህም ሌላ ነገሩ በመኪና ብቻ የሚቀር አይመስለንም። በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይጓተታል፤ መዝገብ ይጠፋል፤ ሒሳብ ይጎድላል። ይህን ጊዜ ቀዩን መብራት አብርቶ ለአለቃው የሚናገር ሠራተኛ አለ፤ መርማሪ ሲመጣ ብቻ ንጹሕ መስሎ የሚታይም አለ። የፊተኛው ለጊዜው ቢቈጡትም ይታመናል። የኋለኛው ግን የተሸሸገው የተገለጠ ቀን ከራሱ አልፎ የመሥሪያ ቤቱን ስም ይዞ ይወድቃል። ባለፈው እሑድ በሽማግሌው ደጃፍ ስናልፍ ኮፈኑ ተከፍቶ ነበር። «ዛሬስ ምን ነገረችዎት ጋሼ?» ብንላቸው፤ «ቺንጋዬ ላልቷል አለችኝ» ብለው መፍቻቸውን አነሡ።