የሊኑክስ ገበታ አልከፈት ሲል

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ ያረጀ ኮምፒዩተር ይዞ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ቀላል የሆነውን ሉቡንቱን ቢመርጥ አያስደንቅም። ታዲያ አንድ ቀን የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ማያው ጠቆር ብሎ ያንኑ ቃል መልሶ ቢጠይቅ፣ ብዙ ሰው ሥርዓቱን እንደገና ለመጫን ይቸኩላል። ጽሑፉ ከዲስኩ የሚጠረገው ያን ጊዜ ነው! ብዙውን ጊዜ የታወከው ገበታው ነው እንጂ ፋይሉ አይደለም።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አብረው ሲጫኑ ባለጽሑፍ ማያ ይከፈታል። እዚያ ገብቶ፣ ዲና ኤፍ በተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት የዲስኩን ባዶ ቦታ መመርመር ይገባል፤ ዲስኩ ከሞላ ገበታው ሲነሣ የሚጽፋቸውን ጥቃቅን ፋይሎች የሚያሳርፍበት ያጣልና። ቦታ ካለ ደግሞ ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው ስውር ፋይል ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ይታይ። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተከፈተ ፕሮግራም ወስዶት እንደ ሆነ፣ ስሙን ለውጦ እንደገና መግባት ነው፤ ሥርዓቱ አዲስ ይፈጥራል።