አንድ ኮምፒዩተር በሁለት አድራሻ፤ ማስኩስ?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ኮምፒዩተርም ጎረቤቱን ከሩቁ የሚለይበት ዘዴ አለው፤ ይኸውም የኔትወርክ ማስክ ነው።

እንደምናውቀው አይ ፒ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉት። የትኛው ክፍል ሰፈሩን፣ የትኛው የቤቱን ቁጥር እንደሚያመለክት የሚነግረን ማስኩ ነው። 192.168.10.5 ከ255.255.255.0 ጋር ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሰፈሩ፣ 5 ደግሞ ቤቱ ይሆናሉ። በዚህ ሰፈር 254 መሣሪያዎች አድራሻ ሊያገኙ ይችላሉ። ኮምፒዩተሩ የሰፈሩን ልጅ በቀጥታ ይጠራዋል፤ ለሩቁ ግን መልእክቱን ለጌትዌይ ያስረክባል።

ታዲያ ሁለት አድራሻ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ትምህርት ቤት ያለው ሰርቨር አንድ ብቻ ነው እንበል። ተማሪዎች በ192.168.10፣ ጽሕፈት ቤቱ በ192.168.20፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከራውተር ማዶ በ192.168.30 ሰፈር ናቸው። ሰርቨሩ ለሁለቱ ሰፈሮች 192.168.10.5 እና 192.168.20.5 ይሰጠዋል። ሕጉ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ አድራሻ የራሱን ሰፈር ማስክ ይይዛል። እዚህ ለሁለቱም 255.255.255.0 ነው።

ስሕተቱ የት ይመጣል? ከሁለቱ በአንዱ 255.255.0.0 ቢጻፍ ሰርቨሩ ቤተ መጻሕፍቱንም ጎረቤት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከዚያ ጥያቄ ይደርሰዋል፤ መልሱን ግን በጌትዌይ መላክ ትቶ በቀጥታ ይጣራል። ሰሚ የለም! ተማሪዎቹና ጽሕፈት ቤቱ ግን ደኅና ይሠራሉ። ሰዉም «ገመዱ ነው የተበላሸው» ይላል።

ሁለቱ አድራሻዎች በአንድ ሰፈር ቢሆኑስ? በዊንዶውስ ያንኑ ማስክ እንደግማለን። በፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. ግን የሰፈሩን መንገድ የመጀመሪያው አድራሻ ስለያዘው ሁለተኛው 255.255.255.255 ይሰጠዋል። ዋናው ጌትዌይ በሁሉም ቦታ አንድ ይበቃል። ደግሞም ሁለት አድራሻ አጥር አይደለም፤ የጽሕፈት ቤቱን መዝገብ ከተማሪ ዓይን የሚጠብቀው የይለፍ ቃልና የፈቃድ ሥርዓት ነው።

ይህ ነገር መምህሩን ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱን እናስታውስ። ነገ ከመካከላችን ዝቋላ ወይም አበርገሌ የሚመደብ ሠልጣኝ ባለሙያ በቅርብ ላያገኝ ይችላል። ሰርቨሩን አስጭኖ ሰቆጣ ድረስ ከመላኩ በፊት አራቱን የማስክ ቁጥሮች ያንብብ። የአንዲት ቁጥር እርማት የስንት ቀን መንገድ ታድናለች!