የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ማቆያ ገንዳን ከሙቀት ስለመጠበቅ

ይህ አጭር ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእርሻ ልማት ሠራተኞችና ዓሣን ከነሕይወቱ ለማሳያ ወይም ለሽያጭ በገንዳ ለማቆየት ለሚያስቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። በቢሮ ወይም በትምህርት ቤት በመስታወት ገንዳ ጎልድፊሽ ለሚያኖሩም ይጠቅማል። በአገራችን ስለ ዓሣ ርባታ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ሙቀት በሚስማማቸው በቆሮሶና በአምባዛ ላይ ያተኮረ በመሆኑ፣ ውሃን ስለማቀዝቀዝ የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ የሚሻ ዓሣ ነው። ከወንዙ ወጥቶ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በበርሜል የተቀመጠ ትራውት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ ይችላል።

በመጀመሪያ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣዎች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ለትራውት ተስማሚው ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል፤ ወደ 25 ሲቃረብ ይሞታል። ጎልድፊሽ ግን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፤ ለጥቂት ጊዜ ከዚያ በላይም ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ለጎልድፊሽ ጥንቃቄ ሲሆን፣ ለትራውት ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

በሞቀ ውሃ ውስጥ ዓሣውን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የትንፋሽ እጥረት ነው። ውሃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ አንድ ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ 11.3 ሚሊግራም፣ በ20 ዲግሪ 9.1 ሚሊግራም፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በአንጻሩ የዓሣው ሰውነት ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ወጪው ሲጨምር ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው። በደጋማው አገር ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በ20 ዲግሪ የሚገኝ ውሃ ከ6.8 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም። «አገራችን ደጋ ስለሆነ ዓሣው አይቸገርም» የሚለው አስተያየት ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው።

ውሃን ለማቀዝቀዝ ከሁሉ የረከሰው ዘዴ በየቤቱ የታወቀ ነው። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ገጽ ላይ የሚወጣው ወዝ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ሊያወርድ የሚበቃ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ግን ያንኑ በርሜል የሚያወርደው በግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። እርግጥ ከአካባቢው ሙቀት ስለሚገባ ውጤቱ ከሒሳቡ ያነሰ ይሆናል፤ ቢሆንም ለበረዶ የሚወጣው ገንዘብ ለጆንያ ቢውል የተሻለ ነው እንላለን። በርሜሉን በጆንያ ጠቅልሎ ጆንያውን ሁልጊዜ እርጥብ ማድረግና ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ማስቀመጥ ይበቃል። የመስታወት ገንዳ ከሆነ ክዳኑን አንስቶ በወንፊት መረብ መተካት (ዓሣው ዘሎ እንዳይወጣ) እና አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በውሃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ ማድረግ ነው። በትነት የጎደለው ውሃ በየቀኑ ይተካ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት፣ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ተከፍቶ ካልቆየ አይጨመርም።

ትነት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መለካት ይቻላል። የልማት ሠራተኛው የአንድ ቴርሞሜትር ጫፍ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልሎ በንጹሕ ውሃ ያርሰው። ከዚያም በጥላ ሥር ሆኖ ንባቡ መውረድ እስኪያቆም ድረስ ያራግበው። በመጨረሻ የሚነበበው ቁጥር በዚያ ቦታና ሰዓት ውሃ በትነት ብቻ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት ነው። አየሩ 30 ዲግሪ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ ንባቡ 18 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ግን ከ27 ዲግሪ አይወርድም፤ እንዲህ ባለ ቦታ ጆንያ ማርጠብ ድካም ብቻ ነው። ልኬታው በአካባቢው በጣም ሞቃት በሆነው ወር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ለተከታታይ ቀናት መደረግ ይኖርበታል። ገንዳው እስከዚያ ቁጥር ድረስ ስለማይወርድ፣ ንባቡ ከ16 ዲግሪ ካለፈ ማኅበሩ ትራውትን በቆመ ውሃ ለማቆየት ባያስብ ይሻላል። የማይደርቅ ምንጭ በአቅራቢያ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። የምንጭ ውሃ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከቦታው ዓመታዊ አማካይ የአየር ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ፣ ምንጩን በቦይ አሳልፎ ያለማቋረጥ በገንዳው ውስጥ እንዲፈስ ማድረግ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል።

ስለ ቦታ አመራረጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሣር ክዳን ያለው ወይም ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት ከቆርቆሮ ቤት ይመረጣል፤ የምዕራብ መስኮት ይጎዳል፤ ትልቅ ገንዳ ከትንሹ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ከፊሉ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

በረዶ የግድ ካስፈለገ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ ይንሳፈፍ እንጂ በቀጥታ አይጣልም፤ ውሃው በሰዓት ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ ይጠበቅ። ከወንዝ የመጣ ዓሣም ከነፕላስቲክ ከረጢቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በገንዳው ላይ ከተንሳፈፈ በኋላ ይለቀቅ። በሞቃት ቀን ምግብ ይቀነስ፣ ቢሰጥም በማለዳ ይሁን፤ የጠገበ ዓሣ ይበልጥ ይተነፍሳል፣ የተረፈው ምግብም በስብሶ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ በሞቀ ውሃ ውስጥ መርዝነቱ ይብሳል።

ዓሣዎቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ወይም ውሃ በሚገባበት አካባቢ ሲሰበሰቡ ከታየ ጊዜ የለም። ይህ ምልክት ከሰዓት በኋላ ከታየ መንስኤው ሙቀት ሊሆን ይችላል። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ጎሕ ሳይቀድ ከታየ ግን አልጌው ሌሊቱን ኦክስጅኑን ስለጨረሰ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ አስቀድሞ የሚደረገው አየር ማስገባት ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቢቆም፣ አንድ ሰው በጣሳ ከገንዳው ውሃ እየቀዳ ከክንድ ከፍታ መልሶ ያፍስስ። ዓሣዎቹ ወደ ታች እስኪመለሱ ድረስ አያቋርጥ፤ ሌላው ሰው በዚያው ጊዜ ጆንያውን ያርጥብ።