የላንታው ደሴት ታላቁ ቡድሃ፦ ከሣር ጎጆ ገዳም እስከ ቤተሰብ መዳረሻነት

በቻይና የሆንግ ኮንግ ልዩ አስተዳደር ክልል ከሚገኙት ከ200 በላይ ደሴቶች መካከል በስፋቱ ቀዳሚውን ሥፍራ የያዘው ላንታው ነው። 147 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ደሴት ከሆንግ ኮንግ ደሴት ሁለት እጥፍ ገደማ የሚሰፋ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ በተራሮችና በደን የተሸፈነ ነው። ንጎንግ ፒንግ ተብሎ በሚጠራው የደሴቱ ከፍተኛ ቦታ ላይ የተተከለው የነሐስ ሐውልት በነዋሪዎች ዘንድ «ታላቁ ቡድሃ»፣ በመደበኛ መጠሪያው ደግሞ ቲያን ታን ቡድሃ በመባል ይታወቃል።

ሥፍራው በአንድ በኩል የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚሳለሙት ገዳም፣ በሌላ በኩል ደግሞ የከተማዋ ቤተሰቦች በዕረፍት ቀናቸው ልጆቻቸውንና አረጋውያን ወላጆቻቸውን ይዘው ደርሰው የሚመለሱበት መዳረሻ ነው። ሁለቱን አገልግሎቶች አጣጥሞ መያዝ ግን ረጅም ጊዜና በርካታ ውሳኔዎችን ጠይቋል።

የሥፍራው ታሪክ የሚጀምረው ከሐውልቱ ሳይሆን ከገዳሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ከቻይና ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የመጡ ሦስት መነኮሳት ከሰው ርቀው በጸሎትና በተመስጦ ለመኖር ንጎንግ ፒንግን መረጡ። ሥፍራው በመጀመሪያ «ትልቁ የሣር ጎጆ» በሚል ስም ይጠራ እንደነበር የገዳሙ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ «የከበረ ሎተስ» የሚል ትርጉም ያለውን ፖ ሊን የተሰኘውን የአሁኑን ስያሜ አገኘ። በዚያ ዘመን ወደ ገዳሙ ለመሄድ የፈለገ ምዕመን ከከተማው በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ ተራራውን በእግሩ መውጣት ነበረበት።

የሐውልቱ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀምሮ በ1993 ተጠናቀቀ፤ የምረቃው ሥነ ሥርዓትም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን (ዲሴምበር 29) ተከናውኗል። ሐውልቱ 34 ሜትር ቁመትና ከ250 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሲሆን፣ የተሠራው ከ202 የነሐስ ክፍሎች ነው። ክፍሎቹ በዋናው የቻይና ምድር በኅዋ ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ሥር በነበረ ፋብሪካ ከተዘጋጁ በኋላ ወደ ደሴቱ ተጓጉዘው በብረት አጽም ላይ ተገጣጥመዋል። ለሮኬትና ለሳተላይት ሥራ የተካበተው የብረታ ብረት ዕውቀት ለዚህ ሥራ እንዲውል የተደረገው፣ ክፍት በሆነ ተራራ ላይ የሚቆመው ሐውልት ከባሕር የሚነሳውን ኃይለኛ ነፋስ መቋቋም ስላለበት ነው።

«ቲያን ታን» የሚለው ስያሜ የተወሰደው በቤጂንግ ከሚገኘው የሰማይ መቅደስ ሲሆን፣ ሐውልቱ የተቀመጠበት ባለ ሦስት እርከን ክብ መድረክም የዚያን መሠዊያ ቅርጽ የተከተለ ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረው ሐውልት ቀኝ እጁን መዳፉን ወደ ፊት አድርጎ ያነሳ ሲሆን፣ ይህም ከሥቃይ የማላቀቅ ምልክት ነው። በጭኑ ላይ የተዘረጋው ግራ እጁ ደግሞ ልግስናን ያመለክታል። በደረቱ ላይ የሚታየው የተቆላለፈ መስቀል መሰል ምልክት አንዳንድ ጎብኚዎችን ግር ሊያሰኝ ይችላል። ምልክቱ በእስያ ሃይማኖቶች ከጥንት ጀምሮ የመልካም ዕድል መግለጫ ሆኖ ያገለገለ ሲሆን፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የጀርመን ናዚዎች ከሰጡት ትርጉም ጋር ግንኙነት የለውም።

ከሐውልቱ ግርጌ ስድስት ተንበርካኪ ምስሎች አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት፣ ቅባት፣ ፍራፍሬና ሙዚቃ ሲያቀርቡ ይታያሉ። እነዚህ መባዎች ልግስናን፣ ግብረ ገብነትን፣ ትዕግሥትን፣ ትጋትን፣ ተመስጦንና ጥበብን እንደሚወክሉ የእምነቱ ተከታዮች ይገልጻሉ።

ሥፍራው በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ የሚመች የሆነው ግን ለገዳሙ ተብሎ ባልተሠራ መሠረተ ልማት አማካይነት ነው። ሆንግ ኮንግ በከተማዋ መሀል ይገኝ የነበረውን ጠባብ የአውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1998 ከላንታው አጠገብ ባሕር ተሞልቶ ወደ ተዘጋጀ ቦታ አዛወረች። ለዚሁ ሲባል 1 ሺህ 377 ሜትር ዋና ተንጠልጣይ ክፍል ያለው የጺንግ ማ ድልድይ በ1997፣ ቱንግ ቹንግ ወደተሰኘችው አዲስ ከተማ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ደግሞ በ1998 አገልግሎት ጀመሩ። ቀድሞ በጀልባ ብቻ ይደረስበት የነበረው ደሴት በዚህ መልኩ ከከተማው ጋር በየብስ ሊገናኝ ችሏል።

በአሁኑ ወቅት አንድ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ በባቡር ተነስቶ ቱንግ ቹንግ ከደረሰ በኋላ ሁለት አማራጮች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ ተከትሎ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ የሚወስደው አውቶቡስ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 ሥራ የጀመረው ኬብል ካር ሲሆን፣ 5 ነጥብ 7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መስመር በ25 ደቂቃ ያህል ያጠናቅቃል። መስመሩ የሚያልፍበት አብዛኛው አካባቢ የተጠበቀ የተፈጥሮ ፓርክ በመሆኑ፣ በግንባታው ወቅት አዲስ የመኪና መንገድ ከመቅደድ ይልቅ ቁሳቁሱን በሄሊኮፕተርና በበቅሎ ጭምር የማጓጓዝ ዘዴ ሥራ ላይ ውሏል።

የኬብል ካሩ አገልግሎት ከችግር ነፃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን (ጁን 11) 2007 ከሥራ ሰዓት በኋላ በተካሄደ ፍተሻ አንድ ተሳፋሪ ያልነበረበት ክፍል ከገመዱ ተላቆ ወደቀ። በሰው ላይ ጉዳት ባይደርስም መንግሥት አገልግሎቱ ወዲያውኑ እንዲቋረጥ በማድረግ ጉዳዩን የሚያጣራ የባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ። ሥራውን በውል ያካሂድ የነበረው ኩባንያ ኃላፊነቱን እንዲለቅ ተደርጎ፣ አሠራሩ በከተማዋ የባቡር ኮርፖሬሽን ሥር ከተዛወረ በኋላ አገልግሎቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን (ዲሴምበር 31) ዳግም ተጀመረ። በ2017ም ገመዶቹን ለመለወጥ ሲባል ለአምስት ወራት ያህል ተቋርጦ ነበር። ኃይለኛ ነፋስና መብረቅ ሲኖርም አገልግሎቱ ስለሚቆም፣ አውቶቡሱ ምን ጊዜም በአማራጭነት መቆየቱ ለተጓዦች ዋስትና ሆኗል።

የተሽከርካሪ ቁጥጥሩም እንዲሁ የታሰበበት ነው። በደቡባዊ ላንታው በሚገኙት መንገዶች ማንኛውም የግል መኪና ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይገባ የተከለከለ በመሆኑ ጎብኚው በሕዝብ ማመላለሻ ይጠቀማል። ከዚህም የተነሳ ላሞች በነፃነት የሚዘዋወሩበት የንጎንግ ፒንግ አካባቢ በመኪና ብዛት ከመጨናነቅ ተጠብቋል።

ጎብኚዎች ወደ ሐውልቱ ለመድረስ 268 ደረጃዎችን መውጣት ይጠበቅባቸዋል። ደረጃዎቹ በየመካከሉ ማረፊያ ያላቸው በመሆኑ ልጆችን ይዞ በዝግታ መውጣት ይቻላል። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ በሐውልቱ ዙሪያ በተዘረጋ የተሽከርካሪ መንገድ ሊደርሱ ይችላሉ። ሐውልቱን ከውጭ ለመመልከት ክፍያ አይጠየቅም።

ከደረጃው በታች ባለው ገዳም ለጎብኚዎች የሚቀርበው ማዕድ ሥጋም ሆነ ዓሣ የሌለበት ነው። በቻይና የቡድሃ ገዳማት ሥርዓት ነጭና ቀይ ሽንኩርትም ስሜትን ያነሳሳሉ ተብለው ስለሚታመኑ ከምግቡ ይገለላሉ። በመሆኑም ማዕዱ በዋናነት ከአኩሪ አተር ውጤቶች፣ ከእንጉዳይና ከቅጠላ ቅጠል ይዘጋጃል።

ከገዳሙ ጥቂት ርቀት ላይ የሚገኘው «የጥበብ ጎዳና» እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተ ሲሆን፣ በ38 ረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የታወቁት ሊቅ ጃኦ ጹንግ ዪ በእጃቸው የጻፉት አንድ የቡድሃ እምነት አጭር መጽሐፍ ተቀርጾ ይገኛል። ጊዜ የተረፈው ቤተሰብም በባሕር ውስጥ በቆሙ ምሰሶዎች ላይ በተሠሩ ቤቶቿ ወደምትታወቀው ታይ ኦ የዓሣ አጥማጆች መንደር በአውቶቡስ አቅንቶ አመሻሹ ላይ ወደ ከተማው መመለስ ይችላል።

በአካባቢው በተለይ በጸደይ ወራት ጭጋግ ስለሚበዛ ሐውልቱ ጭራሽ የማይታይበት ቀን አለ። ትልቁ የሕዝብ ብዛት የሚታየው ደግሞ ከ1999 ጀምሮ በሆንግ ኮንግ የሕዝብ በዓል ሆኖ በሚከበረው የቡድሃ የልደት ቀን ነው። በዕለቱ ምዕመናን የሕፃኑን ቡድሃ ምስል ውኃ በማፍሰስ የማጠብ ሥርዓት ይፈጽማሉ።

የንጎንግ ፒንግ ተሞክሮ የሃይማኖት ሥፍራን ለጎብኚ ክፍት ማድረግ መንገድ ከመሥራት በላይ መሆኑን ያመለክታል። ድልድዩና ባቡሩ ሕዝቡን ወደ ደሴቱ አቅርበዋል፤ የመኪና ፈቃዱ፣ የደህንነት ቁጥጥሩና ለደካሞች የተዘረጋው መንገድ ደግሞ የሕዝቡ መብዛት ሥፍራውን እንዳይጎዳው አግዘዋል። ከ100 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ጸጥታን ፍለጋ ለመጡት ሦስት መነኮሳት ወራሾችም፣ በየቀኑ ከሚመጣው ጎብኚ ጎን ለጎን ጸሎታቸውን ማስቀጠል የቻሉት በዚሁ አሠራር ነው።