ያውቁ ኖሯል? መንጃ ፈቃድ፣ የድሮ ሕገ መንግሥቶችና የቡናው አገር መንገድ

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የገባው ከሕገ መንግሥት 23 ዓመት ቀድሞ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪናውን ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ በረሃና ዳገት እያቋረጠ አዲስ አበባ ለአፄ ምኒልክ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የወጣው ደግሞ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው።

ያ የ1923 ሕገ መንግሥት ስለ መንገደኛ ዝም አላለም። አንቀጽ 22 ኢትዮጵያዊ ከቦታ ወደ ቦታ በነፃ ሊዘዋወር እንደሚችል ይደነግጋል። «መንግሥት መንጃ ፈቃድ አውጣ ብሎ ሊያስገድደኝ አይችልም፤ መዘዋወር መብቴ ነው» ለሚል ሰው ይህ አንቀጽ ጥሩ መሣሪያ ይመስላል። ችግሩ አንቀጹ መብቱን የሰጠው ሕግ በወሰነው ልክ ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይዞታል።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትስ? ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሰነድ በአንቀጽ 46 በግዛቱ ውስጥ የመጓዝንና መኖሪያ የመለወጥን ነፃነት አረጋግጧል፤ እሱም «በሕግ መሠረት» ከሚል ቁርኝት ጋር። አንቀጽ 65 ደግሞ መብት የሚገደበው የሌሎችን መብት ለማክበር፣ ለሕዝብ ጸጥታና ለጋራ ደኅንነት ሲባል ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ፍሬን የማይዝ አይሱዙን ልምድ በሌለው ሹፌር እጅ አለመስጠት ከእነዚህ ምክንያቶች በየትኛውም በር ይገባል። የድሮውን ሕገ መንግሥት በመንጃ ፈቃድ ላይ ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ምስክሩ እንደሚከዳው ማወቅ አለበት።

ደግሞስ ምስክሩ በሕይወት አለ? የለም። የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አገደው። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥትም በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር አበቃ። ዛሬ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊጠቀስ የሚችለው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ፣ ወይም በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋ፣ በመላ አገሪቱ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ከ1923ቱና ከ1948ቱ የሚለየው «ሕግ በወሰነው ልክ» የምትለውን ዓይነት ሐረግ አለማስገባቱ ነው። በዚህ ረገድ ከድሮዎቹ ይልቅ ለጠያቂው የሚመቸው የአሁኑ ነው፤ አሮጌ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው የሚፈልገው ነገር በእጁ ካለው መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል። ግን እዚያም ላይ አንቀጽ 13(2) አለ። የመብት አንቀጾች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። ከነዚህ አንዱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ነው፤ የመዘዋወር ነፃነት ለሕዝብ ሰላም፣ ለጤናና ለሌሎች መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል በአንቀጽ 12(3) ይፈቅዳል።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም መልስ አለ ብዬ አምናለሁ። መብቱ የሰው ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚዛን አማን ወደ ቴፒ በእግርዎ፣ በሚኒባስ፣ በጎረቤት ሞተር ጀርባ ላይ መሄድ ይችላሉ፤ መንጃ ፈቃድ ስለሌለዎት ጉዞውን የሚከለክልዎ የለም። ሕጉ የሚጠይቅዎ መሪውን ሲይዙ ብቻ ነው።

የቡና ለቀማ ሲደርስ በቤንች ሸኮና በሸካ መንገዶች ላይ አንድ ጊዜ ቆመው ይመልከቱ። ሞተር ላይ ሹፌሩ ፊት፣ መሐል አንድ ሰው፣ ከኋላ በከመነዳሪ ቁራጭ የታሰረ ጆንያ እሸት ቡና። ዝናቡ አባርቶ ቀዩ ጭቃ ገና ያንሸራትታል። ቁልቁለቱ ላይ ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሁለት እግሩን ዘርግቶ ይወርዳል። ያ ልጅ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲስብ የፊት ፍሬን ምን እንደሚያደርግ ተምሮ ይሁን ገምቶ፣ ከኋላው የተቀመጠው ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መንጃ ፈቃድ የተፈጠረው ለዚያ ተሳፋሪ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሕጉ ለሞተር ሳይክል፣ ለባለ ሦስት እግር፣ ለአውቶሞቢል፣ ለሕዝብ፣ ለጭነትና ለፈሳሽ ማመላለሻ ለየብቻ ምድብ አለው። ባጃጅ የሚነዳበት ፈቃድ ይዞ ቡና የጫነ ከባድ መኪና ላይ የወጣ ሹፌር ለዚያ መኪና ፈቃድ የለውም። ለዚህ ያበቃን አዋጅ ቁጥር 600/2000 ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተካ።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ቦና ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። የጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን የተለመደ ለሆነበት ገጠር ሁሉ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ፈቃድ ግን ሁልጊዜ የችሎታ ምስክር አልነበረም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1903 ባወጡት ሕግ መንጃ ፈቃድ አስገዳጅ ሲያደርጉ ፈተና አልነበረውም፤ ገንዘብ ከፍሎ መውሰድ ነበር። የመንዳት ፈተና ግዴታ የሆነው በ1935 ነው። ወረቀቱ ከችሎታው 30 ዓመት ያህል ቀደመ ማለት ነው።

ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶችዎ ይህን ቢያውቁት ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ1910 ሄንድሪክ የሚባል ሰው ከዋሽንግተን መኪናውን እየነዳ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ገባ። የሜሪላንድ ምዝገባ ስላልነበረው ተቀጣ። በነፃ የመዘዋወር መብቴ ተጣሰ ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1915 ፈረደበት፤ ክልሎች መኪና ማስመዝገብንና ሹፌሮች ፈቃድ እንዲያወጡ ማስገደድን መደንገግ ይችላሉ አለ። ኢትዮጵያውያን የታክሲ ሹፌሮች ዛሬ በየቀኑ የሚያቋርጡት ያ ወሰን ነው፣ ክርክሩ ያለቀውም ከመቶ ዓመት በፊት።

አሁንም አሜሪካ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሕገ ወጥ ነው የሚሉ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚጠቅሱት የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1930 የሰጠውን ፍርድ ነው፦ ቶምፕሰን በስሚዝ ላይ። በሕዝብ መንገድ መጓዝ የዜጋ መብት ነው የምትለዋን ክፍል ቆርጠው ይወስዷታል። ቀሪውን ሲያነቡት ግን ፍርዱ ሌላ ነው። ከተማዋ ሊንችበርግ ሹፌሮች ፈቃድ እንዲይዙ ማስገደዷ ትክክል ነው ይላል፤ ስህተቱ የፖሊስ አዛዡ መለኪያ ሳይቀመጥለት ያልወደደውን ሹፌር ፈቃድ እንዲሰርዝ ሥልጣን መሰጠቱ ነው ብሎ ያንን ክፍል ሻረው። ቶምፕሰን የረታው ፈቃዱን እንደ አዛዡ ፍላጎት እንዳይነጠቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ ለመንዳት አይደለም። ቆርጦ የሚጠቅስ ሰው ለራሱ የሚጠቅመውን ግማሽ ጥሎ የማይጠቅመውን ይዟል።

በእኛ አገር እውነተኛ የሕገ መንግሥት ክርክር ሊነሣ የሚችልበት ቦታ የትኛው ነው? አንደኛው የሥልጣን ጥያቄ ነው። አንቀጽ 55(2)(ሐ) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ከሚያወጣባቸው ነገሮች መካከል ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ይጠቅሳል። አንቀጽ 52(1) ደግሞ ለፌዴራሉ ያልተሰጠው ሥልጣን የክልል ነው ይላል። እንግዲህ ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ ከመናኸሪያ ገበያ ብቻ የሚመላለስ ባጃጅ ጉዳይ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ከ1923ቱ አንቀጽ 22 ይልቅ ክብደት አለው። በተግባር ግን ፈቃዱን የሚሰጠው የክልሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ፈቃዱም በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ ስለዚህ ሹፌሩን ራሱን የሚጠቅም ድል አይገኝበትም። ለባጃጅ ነጂ የሚሻለው አንቀጽ 41(1) ነው፤ መተዳደሪያውን መርጦ የመሥራት መብት።

ያውቁ ኖሯል? አንድ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ዳኛ አገራችን ውስጥ የለም። አቤቱታው ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል። 11 አባላት አሉት፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይሰበስበዋል። ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል። እዚያ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ይጨመርለታል። የመንጃ ፈቃድ ሕግ አንድ ቀን እዚያ ቢደርስ፣ ድምፅ ከሚሰጡት መካከል የቤንች፣ የሸካ፣ የሸኮና የካፋ ተወካዮች ይኖራሉ።

በክልል ደረጃ ደግሞ ነገሩ ወደ ቤትዎ ይቀርባል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ተወስኖ ኅዳር 14 ቀን በይፋ ሲመሠረት አራት መቀመጫ መረጠ። አስተዳደሩ ቦንጋ፣ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ተርጫ፣ ፍርድ ቤቱ ሚዛን አማን፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤቱ ቴፒ። በሚዛን አማን ፍርድ የሚሰጥበት፣ በቴፒ ብሔረሰቦች የሚመካከሩበት ክልል ነው፤ ሕግ ለማግኘት ሁልጊዜ አዲስ አበባ መውረድ አይጠበቅብዎትም።

ሁለተኛው የክርክር ቦታ ደግሞ ጠቅላላ እገዳ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ከልክላ ነበር። ፈቃድም ታርጋም ያላቸው ሰዎች በአንድ ማስታወቂያ ቆሙ፤ በኋላ ለተወሰኑት በቅድመ ሁኔታ ተፈቀደላቸው። ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ የሚጠነክረው በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው።

አሮጌ ሕግ ለሚወድ አንባቢ ደግሞ ዛሬም የሚሠራ አንድ አለ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ። አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል፤ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ባጃጁን ፈቃድ ለሌለው ልጅ «እስከ ምሽት ሥራባት» ብሎ የሚሰጥ ባለ ንብረት ይህን አንቀጽ አንብቦ ይስጥ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከተጣሰ ወይም ከአንድ በላይ ሰው ከሞተ ቅጣቱ ከ5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጀምራል።

የመጨረሻው ታሪክ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ውስጥ ቤል የሚባል ቄስ ሦስት የገጠር ማኅበረሰቦችን በመኪና እየዞረ ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 አንዲት የ5 ዓመት ልጅ በብስክሌት መኪናውን ከጎን ገጨችው። ኢንሹራንስ አልነበረውም፤ የልጅቱ ቤተሰብ 5,000 ዶላር ጠየቀ። መንግሥት ገንዘቡን አስይዝ አለዚያ ፈቃድህ ይታገዳል አለው። «ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ስሙኝ» ሲል ጥፋት የማን እንደሆነ አንመረምርም ተባለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በአንድ ድምፅ ወሰነለት። ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ለመተዳደሪያ አስፈላጊ ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱ ሳይሰማ ሊወሰድ አይችልም።

በእኛም አገር ይህን መንገድ የከፈተ ሕግ አለ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ባለ ጉዳዩን እንዲሰማ፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። መመሪያም ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት መቅረብ አለበት። የክልል መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ አይመለከትም፤ ፈቃዱ በክልል ቢሮ ለታገደ ሹፌር ያለው መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ነው፤ ጉዳይን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት። ከቤበቃ ወይም ከጉራፈርዳ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ፈቃዱ ከታገደበት የእገዳውን ምክንያትና ቀን የያዘ ደብዳቤ በእጁ ካለው፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ክርክሩን የሚጀምረው ከዚያ ደብዳቤ ነው።