የመሣሪያዎች የእንግሊዝኛ ስም አጠራርና የንግድ ትእዛዝ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ዛሬ ትእዛዙን በጽሑፍ ብቻ አይሰጥም፤ በዱባይና በጓንዡ ካሉት ሻጮች ጋር በስልክና በድምፅ መልእክት በእንግሊዝኛ ይነጋገራል። በዚህ ንግግር አንዲት ፊደል ብትሳሳት ያልታዘዘ ዕቃ ሊጫን፣ በብዙ ድካም የተገኘውም የውጭ ምንዛሪ በከንቱ ሊወጣ ይችላል።

እርግጥ ነው፤ የውጭ ቃል በአማርኛ ከተለመደ በኋላ የእኛን አጠራር ይይዛል። መኪናንና ፋብሪካን ከኢጣልያንኛ፣ ቢሮን ከፈረንሳይኛ ተቀብለን እንደ ልማዳችን እንጠራቸዋለን፤ በዚህም የሚያፍር የለም። እርስ በርሳችን ስንነጋገር «ላብቶፕ» ብንልም ማንም አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ አጠራር ይዘን ከባዕድ ሰው ጋር ስንገበያይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቱት ቢ፣ ፒ እና ቪ ናቸው። ፐ በፊደላችን ከጥንት ጀምሮ ቢኖርም ያገለገለው ለውጭ ቃላት ነው፤ ቨ ደግሞ ኋላ የተጨመረ ነው። ስለዚህ አፋችን ሦስቱንም ወደ ቢ ያስጠጋቸዋል። ስስ ወረቀት በከንፈር ፊት ይዞ «ፓስወርድ» ሲሉ ወረቀቱ በትንፋሹ ሊንቀሳቀስ ይገባዋል፤ በቢ ጊዜ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። «ሰርቨር» ሲባል የላይኛው ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ ያርፋል። የዕቃው መለያ ቁጥር ፊደል ያለበት ከሆነ ደግሞ፣ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1956 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለው ዘዴ ቢን ብራቮ፣ ፒን ፓፓ፣ ቪን ቪክተር፣ ኤምን ማይክ፣ ኤንን ኖቬምበር እያሉ መናገር ከጥርጣሬ ያድናል። ዝርዝሩን ጽፎ ከስልኩ አጠገብ መለጠፍ የጸሐፊ ተግባር ነው።

ብሉቱዝ የምንለው ስም በ10ኛው መቶ ዓመት ከነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ቅጽል የተወሰደ ነው። የመጨረሻው ድምፅ ግን ዝ አይደለም፤ ልክ የሚሆነው ምልክትም በፊደላችን የለም። የምላስን ጫፍ በጥርሶች መካከል አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው።

ኮምፒዩተር ለጊዜው የሚያኖረው መረጃ ብዙ ጊዜ «ካሼ» ሲባል ይሰማል። ካሼ ሌላ ቃል ነው፤ በፈረንሳይኛ ማኅተም ማለት ነው። የመረጃው ስም ካሽ ይባላል፤ ድምፁም ከጥሬ ገንዘብ ስም ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ባለሙያ በስልክ «ካሹን አጥፉ» ቢል ገንዘብ ያዡ ሊደነግጥ አይገባውም። በደረሰኝ ማተሚያም ስም ፒ ትጻፋለች እንጂ አትሰማም፤ «ሪሲት» ነው።

ራውተር የአሜሪካኖች፣ ሩተር የእንግሊዞች አጠራር ስለሆነ ሻጩ እንደሚለው ማለት ይበቃል። ጂፍ የተባለውን የሥዕል ዐይነት ያወጡት ስቲቭ ዊልሃይት በ2013 እ.ኤ.አ. «ጂፍ» በሉ ቢሉም ብዙ ሰው «ጊፍ» ማለቱን አልተወም። እንዲህ ባለው ክርክር ነጋዴ ጊዜውን ባያጠፋ ይሻላል።

ከስሙ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ነው፤ ኪሳራውም በዚህ ይከፋል። 15 ራውተር ያዘዘ ሰው 50 ሊላክለት ይችላል። በ15 ጊዜ ኀይሉ በመጨረሻው ክፍል ላይ ያርፋል፤ ን-ም በግልጽ ትሰማለች። በ50 ጊዜ ግን ኀይሉ በመጀመሪያው ላይ ሆኖ መጨረሻው አጭር ነው። ከ13 እና ከ30 ጀምሮ እስከ 19 እና 90 ድረስ እንዲሁ ነው። የሚያጠራጥር ሲሆን «ዋን ፋይቭ» ወይም «ፋይቭ ዚሮ» እያሉ አኀዙን ለየብቻ መጥራት ነው፤ በእንግሊዝኛ ዜሮ ሳይሆን ዚሮ ይባላልና።